በትንሽ ሞዴል የመርከብን ጉዞ አስቀድሞ ስለ ማወቅ

አንድ መርከብ በታሰበው ፍጥነት እንዲሄድ ስንት የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል? ይህ መርከብ ሠሪዎችን ብዙ ዘመን ያስቸገረ ጥያቄ ነበር። ስሌቱ ቢሳሳት፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት መርከብ ከታሰበው ፍጥነት በታች ይቀራል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። በትንንሽ ሞዴሎች የተደረገው ሙከራ ከትልልቆቹ መርከቦች ጋራ አልስማማ ስላለ፣ ብዙዎች ሞዴልን እንደ መጫወቻ ይቈጥሩት ነበር።

በ1869 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የተቋቋመው ኮሚቴ ሙከራው በእውነተኛ መርከብ ይደረግ ሲል፣ ከአባላቱ አንዱ የነበረው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ግን ሐሳቡን ለይቶ ስለ ሞዴል ተከራከረ። በእርሱ አስተያየት ጕድለቱ የሞዴሉ ሳይሆን የአተረጓጐሙ ነበር።

ፍሩድ የውሃን ተቃውሞ በሁለት ከፈለው። አንደኛው መርከቡ ማዕበል በማስነሣት የሚያጠፋው ኃይል ነው፤ ሁለተኛው ውሃው በመርከቡ ገላ ላይ ሲፋተግ የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ሁለቱም በአንድ ሕግ አይመሩም። ለምሳሌ ርዝመቱ የመርከቡ 1/16 የሆነ ሞዴል፣ ማዕበሉ እንዲመሳሰል በመርከቡ ፍጥነት 1/4 መጐተት አለበት፤ ሰበቃው እንዲመሳሰል ግን ከመርከቡ 16 ጊዜ መፍጠን ይኖርበታል። ሁለቱን ባንድነት መፈጸም አይቻልም።

ስለዚህ ፍሩድ በቶርኪ ከተማ ባሠራው ገንዳ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ አቡጀዲ የለበሰና አሸዋ የተለጠፈበት ሳንቃ እየጐተተ ሰበቃን ለብቻው ለካ። ከዚያም ከሞዴሉ ተቃውሞ ላይ ሰበቃውን ቀንሶ የቀረውን በ4096 (16×16×16) አበዛና የመርከቡን ሰበቃ ጨመረበት። ዘዴውንም ለመፈተን በ1871 ግሬይሃውንድ የተባለው የጦር መርከብ በሌላ መርከብ ተጐትቶ ተቃውሞው ተለካ። በ1874 በታተመው ውጤት መሠረት፣ የመርከቡ ገላ ሻካራነት ከታሰበ በኋላ የሞዴሉና የመርከቡ ቍጥር ተስማሙ።

ሰበቃ ለምን እንዲህ እንደሚሆን የተገለጠው ግን ከእርሱ በኋላ ነው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስታወት ቧንቧ ውስጥ ቀለም ለቆ፣ ውሃ አንድ ጊዜ በጸጥታ፣ ሌላ ጊዜ በሁከት እንደሚፈስ አሳየ። ሉድቪግ ፕራንትል ደግሞ በ1904 የሰበቃው ሥራ በአብዛኛው ገላውን በሸፈነው ስስ የውሃ ንብርብር ውስጥ መሆኑን ገለጸ። ይህ ንብርብር የመርከቡን ቅርጽ ስለሚከተል፣ የፍሩድ አከፋፈል ፍጹም ሳይሆን ግምታዊ መሆኑ ታወቀ። ቢሆንም በ1957 በማድሪድ የተሰበሰቡት የገንዳ ሊቃውንት የጋራ የሰበቃ ቀመር ሲያጸድቁ፣ ያሻሻሉት ያንኑ የፍሩድን ዘዴ ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተር የውሃውን ፍሰት ያሰላል። ነገር ግን በሁከቱ ውስጥ ያሉት እጅግ ጥቃቅን ሽክርክሪቶች በትልቅ መርከብ ዙሪያ አንድ ባንድ ሊሰሉ ስለማይችሉ፣ በግምታዊ ቀመር ይተካሉ። ግምት ደግሞ ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሩም ዛሬም ገንዳውና ባሕሩ ናቸው። ስለዚህ የፍሩድ ትልቁ ውለታ ቀመሩ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ትንበያ በእውነተኛ መርከብ ለማስፈተን መድፈሩ ጭምር ነው።