የእንግሊዝኛ ሰዋስውና የዕለት ተዕለት ንግግር ልምምድ ለትምህርት ቤት ተማሪዎች

በኢትዮጵያ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግር የሚጀምርበት ክፍል ከክልል ክልል የሚለያይ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ከ7ኛ፣ በሌሎቹ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል።

ከሽግግሩ በኋላ ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም ለተማሪው የሚደርሰው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። በመሆኑም የዕፅዋትን የምግብ አዘገጃጀት በአፍ መፍቻ ቋንቋው አጥርቶ ማስረዳት የሚችል ተማሪ፣ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም የሚልበት አጋጣሚ ይፈጠራል። ያልገባውን ነገር እጁን አውጥቶ ለመጠየቅ የሚያስችለው ዓረፍተ ነገር ከሌለው፣ ችግሩ ከቋንቋ ክፍለ ጊዜ አልፎ ወደ ሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ይዛመታል። ይህ ጽሑፍ ተማሪዎች በቤትና በትምህርት ቤት ሊያከናውኑት የሚችሉትን የሰዋስውና የንግግር ልምምድ ያብራራል።

በጽሑፉ ውስጥ የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች ድምፃቸው በግእዝ ፊደል ተገልጾ ቀርቧል። ተማሪዎች ትክክለኛ አጻጻፋቸውን ከመማሪያ መጽሐፋቸው ጋር እንዲያመሳክሩ ይመከራል።

ሰዋስውና ንግግር ያላቸው ትስስር

በመልመጃ ደብተር ላይ ባዶ ቦታ በትክክል የሚሞሉ፣ ነገር ግን ትናንት ምን እንደሠሩ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ መልስ የሚያጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። የዚህ ምክንያቱ ደንቡን ማወቅና በደንቡ መጠቀም የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸው ነው። ደንቡ በንባብ ይታወቃል፤ ከአንደበት የሚወጣው ግን በተደጋጋሚ ሲነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ የሰዋስው ደንብ በተማሩበት ዕለት፣ ያንኑ ደንብ በመጠቀም ስለ ራስ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ አካባቢ ቢያንስ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ጮክ ብሎ መናገር ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ የኃላፊ ጊዜን የተማረ ተማሪ «የስተርደይ አይ ሄልፕድ ማይ ማዘር» (ትናንት እናቴን ረዳኋት) ሊል ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ከራሱ ሕይወት የተወሰደ በመሆኑ በቀላሉ ከአእምሮው አይጠፋም።

ከአማርኛ አወቃቀር የሚመነጩ ስሕተቶች

ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚፈጽሟቸው በርካታ ስሕተቶች የመጀመሪያ ቋንቋቸውን አወቃቀር ተከትለው የሚመጡ ናቸው። በመሆኑም አስቀድሞ ማወቅና መከላከል ይቻላል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. የቃላት ቅደም ተከተል፦ በአማርኛ ግስ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ «ሰላም ዳቦ ገዛች» እንዲሉ። በእንግሊዝኛ ግሱ በባለቤቱና በተሳቢው መካከል ይገባል፤ «ሰላም ቦት ብሬድ» ይባላል። በግስ የሚያበቃው ሥርዓት የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛ፣ የሶማሊኛ፣ የሲዳምኛና የአፋርኛም ጠባይ ስለሆነ፣ ይህ ነጥብ ለአብዛኛው የአገራችን ተማሪ ያገለግላል።

2. የባለቤቱ መጠቀስ፦ «ሄድኩ» የሚለው አንድ ቃል ማን እንደሄደ በውስጡ ይዟል። እንግሊዝኛ ግን ተውላጠ ስሙን ለብቻው ይፈልጋል፤ «አይ ዌንት» እንጂ «ዌንት» ብቻ አይበቃም። ዕቃን በተመለከተም አማርኛ ተባዕትና አንስት ሲለይ፣ እንግሊዝኛ በ«ኢት» ይጠቀማል።

3. የሦስተኛ መደብ ምልክት፦ በዘወትር የአሁን ጊዜ ባለቤቱ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» ሲሆን በግሱ ላይ የ«ስ» ወይም የ«ዝ» ድምፅ ይጨመራል። «አይ ዎክ» የነበረው «ሺ ዎክስ» ይሆናል። ምልክቱ ትንሽ በመሆኑ በንግግር መካከል በቀላሉ ይዘነጋል።

4. የብዙ ቁጥር፦ በአማርኛ «ሦስት መጽሐፍ ገዛሁ» ማለት የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ብዛቱን አስታውቋልና። በእንግሊዝኛ ቁጥሩ ቢጠቀስም ስሙ የብዙ ቁጥር ምልክት መያዝ ስላለበት «ስሪ ቡክስ» ይባላል።

5. የጥያቄ አመሠራረት፦ አማርኛ ድምፅን ከፍ በማድረግ ብቻ ጥያቄ መመሥረት ይችላል። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ረዳት ግስ ይፈልጋል፤ «ዱ ዩ ላይክ ኮፊ?» (ቡና ትወዳለህ?)። ኃላፊ ጊዜን «ዲድ» ከያዘው በኋላ ዋናው ግስ ወደ መነሻ መልኩ ይመለሳል፤ «ዲድ ዩ ፊኒሽ?» ይባላል እንጂ «ዲድ ዩ ፊኒሽድ?» አይባልም።

6. የጊዜ ርዝመት፦ «እዚህ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ» የሚለውን ብዙ ተማሪዎች «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ ቱ ይርስ» ይሉታል። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ቱ ይርስ» ነው። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት ሲገልጽ፣ «ሲንስ» ነገሩ የጀመረበትን ጊዜ ይገልጻል፤ «ሲንስ መንደይ» (ከሰኞ ጀምሮ) እንደሚባለው ማለት ነው።

7. ተቀራራቢ ግሶች፦ አማርኛ «ተማረ» እና «አስተማረ»፣ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» የሚሉትን ከአንድ ሥር ያወጣቸዋል። እንግሊዝኛ ግን «ለርን» እና «ቲች»፣ «ቦሮው» እና «ሌንድ» በሚሉ ፍጹም የተለያዩ ቃላት ይጠቀማል። እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማጥናት መምታታትን ያስቀራል።

የመጀመሪያ ቋንቋቸው አማርኛ ያልሆነ ተማሪዎችም በራሳቸው ቋንቋና በእንግሊዝኛ መካከል ያሉትን ልዩነቶች ከመምህራቸው ጋር በዚህ መልክ ቢዘረዝሩ ይጠቀማሉ።

የድምፅ ልምምድ

የግእዝ ፊደል የእንግሊዝኛን ድምፆች ሁሉ አይወክልም። በእኛ ፊደል «ሺፕ» ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ አጥሮ ሲነገር መርከብ፣ ረዝሞ ሲነገር ደግሞ በግ ማለት ነው። «ሊቭ» የሚለውም ሲያጥር መኖር፣ ሲረዝም ትቶ መሄድ ይሆናል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃላትን በግእዝ ፊደል ጽፎ በዚያ ብቻ ማጥናት ዘለቄታ የለውም፤ በጆሮ መስማት የግድ ነው።

ልዩ ትኩረት የሚሹ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ሦስት ቁጥርን በሚገልጸው ቃል መነሻ ላይ ያለው ድምፅ የምላስን ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል በማድረግ የሚወጣ ሲሆን፣ በ«ት» ሲተካ ቃሉ «ትሪ» (ዛፍ) ወደሚለው ይለወጣል። ሁለተኛ፣ «ቭ» እና «ብ» እንዲሁም «ፕ» እና «ብ» እንዳይቀላቀሉ ጥንቃቄ ያሻል። ሦስተኛ፣ በተከታታይ ተነባቢ የሚጀምሩ ቃላትን «እስኩል»፣ «እስቱደንት» እያሉ በ«እ» የመጀመር ልማድ አለ፤ ይህንንም ቃሉን ቀስ ብሎ በመደጋገም ማረም ይቻላል።

በዕለት ተዕለት ንግግር ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች

ሰዓትና ቀን፦ በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት የሚባለው በእንግሊዝኛ «ኤይት ኦክሎክ» (8) ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ደግሞ «ዋን ኦክሎክ» (1) ይሆናል። መመሪያው 6 መደመር ወይም 6 መቀነስ ነው። የትውልድ ዘመንም ሲጠቀስ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነውና።

አክብሮት፦ አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» እያለ አክብሮትን በተውላጠ ስምና በግስ ይገልጻል። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ይላል። አክብሮቱ የሚገለጸው «ኩድ ዩ»፣ «ሜይ አይ» እና «ፕሊዝ» በመሳሰሉት አነጋገሮች ነው። «ጊቭ ሚ ዘ ቡክ» የሚለው ትእዛዝ ሲመስል፣ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ ዘ ቡክ፣ ፕሊዝ?» የሚለው ትሕትና ያለው ጥያቄ ነው።

የአሉታ ጥያቄ፦ «ምሳ አልበላህም?» ለሚለው ጥያቄ ያልበላ ሰው በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ሊል ይችላል። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ነው። በአሉታ ለተጠየቀ ጥያቄ «የስ» ብሎ መመለስ «በልቻለሁ» የሚል ትርጉም ስለሚሰጥ አለመግባባትን ያስከትላል።

«አይደል?» የሚለው ማረጋገጫ፦ በአማርኛ ይህ ቃል ለሁሉም ዓረፍተ ነገር ያገለግላል። በዚህ የተነሣ ተማሪዎች በሁሉም ቦታ «ኢዝንት ኢት?» ማለትን ያዘወትራሉ። በእንግሊዝኛ ማረጋገጫው ባለቤቱንና ግሱን ይከተላል፤ «ዩ አር ኢን ግሬድ ናይን፣ አረንት ዩ?»፣ «ሂ ፕሌይስ ፉትቦል፣ ደዝንት ሂ?» ይባላል።

ይቅርታና ጨዋታ፦ አንዱ «ይቅርታ» በእንግሊዝኛ እንደ ሁኔታው ይለያያል። ሰው ከማነጋገር ወይም ከማሳለፍ በፊት «ኤክስኪዩዝ ሚ»፣ ጥፋት ሲፈጸም «ሶሪ»፣ የተነገረው ሳይሰማ ሲቀር «ፓርደን?» ይባላል። «እንጫወት» የሚለው ለወግ ሲሆን ደግሞ «ቶክ» ወይም «ቻት» እንጂ «ፕሌይ» አይሆንም።

የክፍል ውስጥ ምልልስ ናሙና

ለተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ንግግር ያልገባውን ለመጠየቅ የሚያስችለው ነው። ከዚህ በታች የቀረበውን ምልልስ ሁለት ተማሪዎች ድርሻ እየተለዋወጡ ሊለማመዱት ይችላሉ።

ተማሪ፦ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ቲቸር። አይ ዲድንት አንደርስታንድ ዘ ላስት ፓርት።» (ይቅርታ መምህር፣ የመጨረሻው ክፍል አልገባኝም።)

መምህር፦ «ዊች ፓርት?» (የትኛው?)

ተማሪ፦ «ዋይ ዱ ፕላንትስ ኒድ ላይት?» (ዕፅዋት ብርሃን ለምን ያስፈልጋቸዋል?)

መምህር፦ «ዜይ ዩዝ ላይት ቱ ሜክ ፉድ።» (ምግብ ለማዘጋጀት ብርሃንን ይጠቀማሉ።)

ተማሪ፦ «ሶ ዊዛውት ላይት፣ ዜይ ካንት ሜክ ፉድ። ኢዝ ዛት ራይት?» (ስለዚህ ያለ ብርሃን ምግብ ማዘጋጀት አይችሉም። ትክክል ነኝ?)

መምህር፦ «የስ፣ ዛትስ ራይት።» (አዎ፣ ትክክል ነው።)

በዚህ ምልልስ ተማሪው ሦስት ነገሮችን አከናውኗል፦ አለመረዳቱን ገልጿል፤ ያልተረዳውን ለይቶ አመልክቷል፤ የተረዳውን በራሱ አነጋገር መልሶ አረጋግጧል። ይህን ቅርጽ የያዘ ተማሪ ርእሱን ብቻ እየቀየረ በሒሳብም ሆነ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል።

የሳምንት የልምምድ መርሐ ግብር

ልምምድ በፈተና ሰሞን ከሚደረግ የብዙ ሰዓት ጥናት ይልቅ በየዕለቱ በጥቂቱ ሲደረግ የተሻለ ውጤት ያስገኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በቀን 20 ደቂቃ በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 2 ሰዓት ይሞላል።

ሰኞ፦ የሳምንቱን የሰዋስው ደንብ መከለስና በራስ ሕይወት ላይ የተመሠረቱ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ጮክ ብሎ መናገር።

ማክሰኞ፦ ከመማሪያ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ማንበብ።

ረቡዕ፦ ከጓደኛ ጋር ጥንድ ሆኖ ምልልስ መለማመድ።

ሐሙስ፦ የእንግሊዝኛ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት ማዳመጥና የተረዱትን በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መግለጽ።

ዓርብ፦ በሳምንቱ ከተማሩት የሳይንስ ወይም የኅብረተሰብ ትምህርት አንዱን ሐሳብ በአምስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ማስረዳት።

ቅዳሜ፦ የሳምንቱን ውሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ የተደጋገሙ ስሕተቶችን በአንድ የደብተር ገጽ ላይ መመዝገብ።

የመምህራን፣ የወላጆችና የትምህርት ቤቶች ድርሻ

ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ከመናገር የሚቆጠቡበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት መሳቂያ እንዳይሆኑ መፍራታቸው ነው። በመሆኑም መምህራን ተማሪው ሐሳቡን እስኪጨርስ ጊዜ ሊሰጡት፣ ስሕተቱንም ትክክለኛውን አነጋገር መልሰው በመናገር ሊያርሙለት ይገባል። በተናገረ ተማሪ ላይ የሚሳቅበት ክፍል ብዙ ዝምተኞችን ያፈራል።

እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችም የሚያበረክቱት ድርሻ አለ። ልጃቸው ጮክ ብሎ ሲያነብ ማዳመጥ፣ ያነበበውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያስረዳቸው መጠየቅና ለልምምዱ ጊዜ መስጠት ከፍተኛ እገዛ ነው። አሳቡን በራሱ ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው የእንግሊዝኛ ክበባትንና ሚኒ ሚዲያን በመጠቀም ተማሪዎች ዜና የሚያነቡበት፣ የሚከራከሩበትና ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉበትን ዕድል ሊያመቻቹ ይችላሉ። ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ በጎበዝ ተናጋሪዎች እጅ እንዳይቀርና ተራው ለሁሉም እንዲደርስ ማድረግም ያስፈልጋል። በተለይ ወደ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ በሚሸጋገሩበት ዓመት ለተማሪዎች የሚሰጥ የንግግር ዕድል፣ በቀጣዮቹ ክፍሎች ጠይቀው ለመረዳት የሚያስችላቸው መሠረት ነው።