በኪያላሚ የሞተር ጉልበትና የጎማ አቅም

ኪያላሚ ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን፣ ሚድራንድ አካባቢ የሚገኝ የመኪና ውድድር ሜዳ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ከ1967 ጀምሮ የደቡብ አፍሪካን የፎርሙላ ዋን ውድድር ለበርካታ ዓመታት አስተናግዷል፤ የመጨረሻው የተካሄደው በ1993 ነው። ኃይለኛ መኪና በምን እንደሚበልጥ፣ በምን እንደማይበልጥ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ከመቶ 15 ያህሉን ያጣል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ያካክሳል። ሬኖ በ1979 በቱርቦ ሞተር የመጀመሪያውን መነሻ ቦታ ሲይዝ፣ በ1980ም የሬኖው አሽከርካሪ ሬኔ አርኑ ሲያሸንፍ ከፍታው አግዟቸዋል።

ከፍታ የማይነካው ጎማ አስፋልት የሚይዝበትን አቅም ነው። ጎማ ያለውን አቅም ለፍሬን፣ ለመታጠፍና ለመፍጠን ያካፍላል፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው ይጎድላል። ጉልበተኛ መኪና ከኩርባ ሲወጣ መሪው ሳይቃና ነዳጁ በኃይል ከተረገጠ የኋላ ጎማዎቹ ይለቃሉ፣ መኪናውም ይዞራል። ስለዚህ አሽከርካሪው መሪውን ባቃና ልክ ነዳጁን ቀስ በቀስ ይጨምራል። ፍሬንም ሌላ ፈተና ነው፦ በሰዓት 200 ሳይሆን 250 ኪሎ ሜትር እየበረረ የሚደርስ መኪና ለመቆም ከግማሽ በላይ የረዘመ መንገድ ይፈልጋል።

አነስተኛ ጉልበት ያለው መኪና ነዳጅ ስለተረገጠ ብቻ አይዞርም፤ ነገር ግን ኩርባ ውስጥ ያለ ምክንያት የጠፋ ፍጥነት በቶሎ አይመለስለትም። አሽከርካሪው ፍሬኑን በልኩ ይዞ፣ መሪውን ሳያንገላታ ፍጥነቱን ማቆየት አለበት። ጀማሪ በእንዲህ ያለ መኪና ቢሠለጥን ይሻለዋል፤ ጉልበት ብዙ ስሕተት ይሸፍናልና።

ጥር 2 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በኪያላሚ በተደረገው ውድድር የሮዴዢያው ጆን ላቭ ያረጀ ኩፐር ይዞ ቀረበ። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደርና 2.7 ሊትር ገደማ ነበር፤ የሌሎቹ አብዛኞቹ ባለ 3 ሊትር ነበሩ። ኃይለኞቹ አንድ በአንድ ሲሰናከሉ ላቭ መሪነቱን ያዘ። ከ80ው ዙር ጥቂት ሲቀረው ግን ነዳጅ ለመጨመር ቆመ፤ ፔድሮ ሮድሪጌዝ ባለ 12 ሲሊንደር ኩፐር ማዜራቲውን ይዞ አለፈው፣ አሸነፈም። ላቭ ሁለተኛ ወጣ፤ በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ከሦስቱ አንዱ ሆኖ የጨረሰው በዚያ ውድድር ብቻ ነው።