የፎቶው ጥግ ለምን ተጠቀለለ?

እስቲ አንድ ወረቀት አንሱና ኳስ ጠቅልሉበት። የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ ይጨማደዳል። በጠርሙስ ላይ ከሆነ ግን ልስልስ ብሎ ይተኛል። ምክንያቱን ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1827 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባቀረበው ሥራ ውስጥ እናገኘዋለን። ሳይለጠጥ የሚታጠፍ ጠፍጣፋ ነገር በአንድ ቦታ ላይ መጉበጥ የሚችለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት እንደ ቧንቧ ወይም እንደ ቆሎ መጠቅለያ ሾጣጣ ይሆናል፤ ኳስ ግን በፍጹም አይሆንም።

ታዲያ ይሄ ከፎቶ ማቀናበሪያ ጋር ምን አገናኘው?

ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ሌሎች ሰዎች ተጨማሪ መሣሪያ ሠርተው እንዲሰኩበት በር ከፍቶ ነበር። ከነዚህ አንዱ ካይ ክራውዘ የተባለ ጀርመናዊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው «ካይስ ፓወር ቱልስ» ነው። በአንድ ጠቅታ የፎቶውን ጥግ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይጠቀልለዋል። ዲዛይነሮች በጣም ከመውደዳቸው የተነሳ ብዙም ሳይቆይ የሰለቸ ጌጥ ሆነ።

ግን እንዴት ነው የሚሠራው? ጂምፕ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ገብተን ማየት እንችላለን። ሜክሲኳዊው ፌዴሪኮ ሜና ኪንቴሮ በ1996 የጻፈው የገጽ መጠቅለያ፣ የሚገርመው፣ ፎቶውን ጨርሶ አያጥፈውም! ጥጉን ይደመስሰዋል፣ በቦታው የተጠቀለለ የሚመስል ቀለም ይቀባል፣ ከሥሩ ደግሞ ጥላ ያደርጋል። በቃ።

ዓይናችን ለምን ይታለላል? ምስጢሩ አቀባቡ ላይ ነው። ቀለሙ ከአንድ ነጥብ እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ቀጥታ መስመሮች ነው የሚደምቀውና የሚደበዝዘው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ብርሃኑ እኩል ነው። እውነተኛ የወረቀት ሾጣጣ ላይ ከሩቅ ብርሃን ሲያርፍበትም የሚታየው ይኸው ነው፤ ወረቀቱ የሚጎብጠው በመስመሮቹ አግድም እንጂ በርዝመታቸው አይደለምና። ቅቡ ውሸት ቢሆንም የጋውስን ሕግ አልጣሰም።

ኮምፒውተሮች ሲፈጥኑ ማታለሉ በስሌት ተተካ። በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች የዲጂታል መጽሐፍን ገጽ በምናባዊ ሾጣጣ ላይ እየጠቀለሉ የሚገልጥ ዘዴ አሳተሙ። በ2010 አይፓድ ሲመጣ ደግሞ በመጽሐፍ ማንበቢያው ላይ ገጹ ጣትን እየተከተለ ይገለጥ ጀመር።

በ2022 አፕል ይህን እንቅስቃሴ አነሳው። ጌጥ ነው፣ ማን ይናፍቀዋል? አንባቢዎች ግን ናፈቁት፤ ቅሬታቸውም በዛ። በ2023 በምርጫ መልክ ተመለሰ።

እኔ ቅሬታቸው አይገርመኝም። የጋውስን ስም ሰምቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ደብተሩን ሲገልጥ ሕጉን በጣቶቹ ተምሮታል። ካላመናችሁ ያንን ወረቀት እንደገና አንሱትና ጥጉን ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉት። ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚሄድ ተመልከቱ።