ዛጎል ውስጥ የሚከማች መርዝ፦ እንዴት ይገባል? እንዴትስ ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎች መስል የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ በልተው ታመሙ። ማስታወክና ተቅማጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ የምግብ መመረዝ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን አንዳንዶቹ የቅርብ ጊዜ ነገር ማስታወስ አቃታቸው፤ 3 ሰዎች ደግሞ ሞቱ። መስሉ የመጣው ከፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ነበር። ተመራማሪዎች በቀናት ውስጥ ጥፋተኛውን አገኙት፦ ዶሞይክ አሲድ፣ አንድ የአልጌ ዝርያ የሚያመርተው መርዝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። መስል ምግቡን አሳዶ አይይዝም። አንድ ቦታ ተጣብቆ ውሃ ወደ ውስጥ እየሳበ ያጠልላል፤ አንዱ ብቻውን በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ሊያጣራ ይችላል። የሚበላው በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ነው። መርዛማው ዝርያ ሲበዛም እንደ ሌላው ይውጠዋል። ውሃው ውስጥ ኢምንት የነበረው መርዝ ታዲያ በምግብ መፍጫ እጢው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የሚገርመው መስሉ ራሱ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ሽታው፣ ጣዕሙ፣ መልኩ ያው ነው። በላተኛው በምን ይወቀው?

መውጣቱስ? አልጌው ከባሕሩ ሲጠፋ እንስሳው ንጹሕ ውሃ እያሳለፈ መርዙን ቀስ በቀስ ያስወጣል። ፍጥነቱ ግን እንደየዝርያው ነው። መስል ዶሞይክ አሲድን በቀናት ወይም በሳምንታት ይገላገለዋል። በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው ሬዘር ክላም ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይዞት ይቆያል። በተር ክላም የሚባለው ደግሞ ሌላ መርዝ፣ ጡንቻ የሚያሽመደምደውን ሳክሲቶክሲን፣ እስከ 2 ዓመት አልለቅም ሊል ይችላል። ባሕሩ ጠራ ማለት ሥጋው ጠራ ማለት አይደለም።

«በደንብ ከተቀቀለ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። አይሠራም! እነዚህ መርዞች በማብሰል አይጠፉም፤ በማቀዝቀዣም እንደዛው። ያለው መንገድ ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። ካናዳን ጨምሮ በብዙ አገሮች በ1 ኪሎ ሥጋ ውስጥ ዶሞይክ አሲዱ ከ20 ሚሊግራም ካለፈ፣ እስኪወርድ ድረስ መልቀም ይታገዳል።

«እኛ አንበላው፣ ምን አገባን» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። ግን ሲያትል አካባቢ ሆናችሁ ከጓደኛ ጋር ክላም ቆፈራ የምትወጡ ካላችሁ፣ የዋሽንግተን ስቴት ጤና መሥሪያ ቤት የትኛው ዳርቻ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለው። ከቤት ሳትወጡ እሱን እዩ።