ኤፒዴሚያ (የወባ ትንበያ ሥርዓት)

ኤፒዴሚያ በአማራ ክልል የወባ ወረርሽኝን አስቀድሞ ለመተንበይ የተዘረጋ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠናንም ያካትታል። ያበለጸጉት በአሜሪካ መጀመሪያ በሳውዝ ዳኮታ ስቴት፣ ኋላም በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ከኢትዮጵያ አጋሮች ጋር በመሆን ነው።

አሠራር፦ ከወረዳዎች በየሳምንቱ የሚላከው የሕሙማን ቁጥር ሳተላይት ከሚሰጠው የዝናብ፣ የሙቀትና የዕፅዋት ልምላሜ መረጃ ጋር ይቀናጃል። ዝናብ ትንኝ የምትራባበትን ያቆረ ውሃ ያበዛል፤ የታማሚው ቁጥር የሚያሻቅበው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ትንበያው የቆመው በዚህ የጊዜ ልዩነት ላይ ነው።

ሥልጠና፦ ባለሙያዎች የሳተላይት መረጃ ማውረድን፣ አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የትንበያ ሞዴሉን ማስኬድንና ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ለተባሉት የወባ ዓይነቶች ለየብቻ የሚወጣውን ትንበያ መተርጎምን ይማራሉ። የወረዳ ሪፖርት ከዘገየ ወይም ከጎደለ ትንበያው ስለሚዛባ፣ የመረጃ ጥራት ማረጋገጥ ከሞዴሉ እኩል ክብደት አለው።