ቱርቦ ለደጋ ነው የመጣው

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው መኪና ከቡርቃ ጃቶ ሲነሣ ከጉልበቱ ያንኑ ያህል አጥቶ ነው የሚነሣው።

ለቱርቦ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ ነው። በተራራ ላይ የፈተነው ግን አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ነበር። በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና አስጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ወጣ። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ጫፉ ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ደረሰ! የዛሬዎቹ የመንገድና የውድድር መኪኖች የዚያ ሙከራ ወራሾች ናቸው።

ታዲያ መኪናው እንዲፈጥንለት የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አውልቆ ክፍት ፊልትሮ የሚገጥም ሰው ምን እያደረገ ነው? ድምፁ ማማሩ አይካድም። ነገር ግን ሞተሩ ከኮፈኑ ሥር ትኩስ አየር ይስባል፤ ትኩስ አየር ደግሞ ስስ ነው። ተራራው የቀነሰውን ቱርቦው ሲመልስ ባለቤቱ እንደገና ይቀንስበታል። በደጋ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ድሮውንም ከቆላው የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ በሚዞር ምላጭ ላይ የወለጋ ቀይ አቧራ ሲያርፍ ጠርዙን ይበላዋል። ለገጠር መንገድ የሚዘጋጁ ላንድክሩዘሮች አየር መሳቢያ ቱቦ በመስታወቱ ጎን ሽቅብ እስከ ጣሪያው የሚወጣው፣ ውኃ ከመሻገሩ ሌላ፣ ቀዝቀዝ ያለና አቧራው ያነሰ አየር እዚያ ስለሚገኝ ነው።