ሶምሶን ከየትኛው ወገን ነው?

በአሽቀሎን፣ በመጽሐፍ ቅዱሷ አስቀሎና፣ ሺምሾን የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የሶምሶን ነው፤ ደፋር ስያሜ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 እንደሚተርከው፣ ሶምሶን በእንቆቅልሽ ውርርድ ሲሸነፍ ወደዚችው ከተማ ወርዶ 30 ሰዎች ገደለ፤ ልብሳቸውን ገፍፎም ዕዳውን ከፈለ።

ሶምሶን ከዳን ነገድ ነው። የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ብለው ስለወሰኑ፣ ለአሽቀሎን ቤተ እስራኤላውያን ሰውየው ዘመድ ነው።

ታዲያ ሶምሶን በጎ ነው ወይስ ክፉ? ሰውን እንዲህ መመደብ የሚወድ አንድ ጨዋታ አለ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ› የተሰኘ የምናብ ጨዋታ እያንዳንዱን ባለታሪክ ከሥርዓት፣ ከገለልተኛ ወይም ከትርምስ ያሰልፈው ነበር። ሐሳቡ ከደራሲዎቹ ከፖል አንደርሰንና ከማይክል ሙርኮክ የመጣ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ‹ከማን ጋር ትዋጋለህ?› ነበር። ጋይጋክስ በ1976 በጎነትንና ክፋትን ሲጨምርበት ግን ሰልፉ ወደ ኅሊና ገባ፤ በ1978ቱ የጨዋታው መጽሐፍም ምድቦቹ ዘጠኝ ሆኑ።

ሶምሶን በዘጠኙም አይያዝም። ለሕዝቡ ታዳጊ ነው፤ የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ለግል በቀሉ ነው። ይልቅ የሚቀርበው ፓላዲን ለተባለው የጨዋታው ቅዱስ ተዋጊ ነው። በቀድሞው ሕግ ፓላዲን እያወቀ ክፉ ከሠራ ማዕረጉን ለዘለዓለም ያጣ ነበር። ናዝራዊው፣ ማለትም ጠጉሩ ሳይላጭ ለእግዚአብሔር የተለየው ሶምሶንም፣ ጠጉሩ ሲላጭ ኃይሉ ተለየው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ሶምሶን በጋዛ ታስሮ ሳለ ጠጉሩ አደገ፤ ጸለየ፤ ኃይሉም ተመለሰለት። ከጨዋታው ደንብ ይልቅ የጥንቱ ትረካ የሰውን ልብ የበለጠ ያውቃል።

በእስራኤል ተጫዋቾቹም ራሳቸው ተመድበው ነበር። በ2005 ዋይኔት የተባለው የዜና ድረ ገጽ እንደዘገበው፣ ጦሩ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ምልምሎችን ከእውነታ የራቁና በቀላሉ ተጽዕኖ የሚያድርባቸው አድርጎ ስለሚያይ የምሥጢር ፈቃድ ደረጃቸውን ዝቅ ያደርግ ነበር። ፍርዱ ትክክል አልነበረም። አንድ ግድያ ፍትሕ ነው ወይስ በቀል ብሎ ሌሊቱን የሚከራከር ወጣት ወታደር ሊያስብበት የሚገባውን ነገር እያሰበ ነው።

ጨዋታው ራሱ ምድቦቹን በ2008 ወደ አምስት ቀነሳቸው፤ በ2014 ዘጠኙን መለሰ። የ2014ቱ ፓላዲን ግን ከየትኛውም ምድብ ሊሆን ይችላል፤ የሚታሰረው እንደ ሶምሶን በስእለት ነው።